ወደ ኦስቲዮፓት ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት፦ በብሪታንያ ለሚኖሩ አዲስ ታካሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በለንደን፣ በሊድስ ወይም በበርሚንግሃም የሚኖር ወገናችን ወገቡን ወይም አንገቱን ሲያመው፣ የጂፒ (የአካባቢው የቤተሰብ ሐኪም) ቀጠሮ ሲርቅበት ወይም የተሰጠው ማስታገሻ አልረዳ ሲለው፣ የሥራ ባልደረባው ወይም ጎረቤቱ የጠቆመው ኦስቲዮፓት (የጡንቻና የመገጣጠሚያ ችግሮችን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ዘንድ ይሄዳል። ከሚሄዱት መካከል ግን ብዙዎቹ ስለ ሙያው አስቀድመው የሚያውቁት ነገር የለም። አንዳንዱ እንደ ወጌሻ ቆጥሮት ወዲያው ታሽቶ፣ አጥንቱ ቦታው ገብቶለት እንዲወጣ ይጠብቃል፤ ሌላው ደግሞ እንደ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ቆጥሮት ራጅ ታዝዞለትና መድኃኒት ተጽፎለት የሚመለስ ይመስለዋል። ሁለቱም ያላሰቡት ነገር ይገጥማቸዋል፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙው የሚያልፈው በጥያቄና መልስ፣ በመመልከትና በመዳሰስ ነውና። ይህ ጊዜ የባከነ እንዳይመስልዎ። የሚደረግልዎ ሕክምና ለእርስዎ የሚስማማ መሆን አለመሆኑ የሚለየው በዚያ ሰዓት በሚናገሩትና በሚጠይቁት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ከተጻፈው ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ከቤት ሳይወጡ የሚደረገው ዝግጅት ነው።

1. በቅድሚያ ሕመሙ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ አለመሆኑን ያረጋግጡ

የወገብ ሕመም በአብዛኛው ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከጅማት የሚነሳና በጊዜው የሚሻል ነው። ሆኖም ማንም እጁን ሊያሳርፍበት የማይገባ፣ በቀጥታ ሆስፒታል መታየት ያለበት የወገብ ሕመም አለ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት አልወጣ ካለዎት ወይም ሳይታወቅዎ ካመለጠዎት፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮችዎ ከዛሉ፣ ወደ አከርካሪው የታችኛው ክፍል የሚወርዱት ነርቮች ተጨፍልቀው ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ መታየት ይኖርብዎታል። ከደረት ሕመም ጋር የመጣ የጀርባ ሕመምም፣ ከከባድ አደጋ ወይም ከውድቀት በኋላ የጀመረ ሕመምም እንደዚሁ ነው። በእነዚህ ጊዜያት 999 ይደውሉ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከተጠራጠሩም 111 ደውለው ያማክሩ። ሁለቱም ስልኮች ነጻ ናቸው፤ በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲገባልዎም መጠየቅ ይችላሉ።

ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች በተለይ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ይህ በሽታ በሳንባ ብቻ አይወሰንም፤ የአከርካሪ አጥንትንም ይይዛል። በአከርካሪ የያዘው ሰው ሳል ላይኖረው ይችላል፤ የሚታየው ለሳምንታትና ለወራት እየባሰ የሚሄድ፣ በእረፍትም የማይታገስ የጀርባ ሕመም ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ክብደት መቀነስ ይከተሉታል። ያልፈላ ወተት በመጠጣት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ተመሳሳይ የወገብ ሕመምና የሚመላለስ ትኩሳት ያስከትላል። እንዲህ ያለ ምልክት ካለዎት መጀመሪያ ጂፒዎ ዘንድ ሄደው የደም ምርመራ ያድርጉ። በብሪታንያ የተማረ ኦስቲዮፓት ስለ እነዚህ በሽታዎች ማወቁ አይቀርም፤ ነገር ግን የት እንደኖሩና በቅርቡ ወደ አገር ቤት ሄደው እንደነበር ካልነገሩት፣ የዕለት ተዕለት ታካሚዎቹን በሚያይበት ዓይን ሊያይዎት ይችላል።

2. ኦስቲዮፓት ማን እንደሆነ ይወቁ

ኦስቲዮፓቲን የጀመረው አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1864 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር አጣ፤ በዘመኑ በነበሩት መድኃኒቶችም ተስፋ ቆርጦ በ1874 አዲሱን የሕክምና ዘዴ ይፋ አደረገ፤ በ1892 ደግሞ በሚዙሪ ግዛት፣ በከርክስቪል ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ሙያው ወደ ብሪታንያ ተሻግሮ በ1917 ለንደን ውስጥ ትምህርት ቤት ተቋቋመለት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አገሮች በየራሳቸው መንገድ ሄዱ፤ ዛሬ በወገኖቻችን ዘንድ ለሚፈጠረው ግራ መጋባት መነሻውም ይኸው ነው።

በአሜሪካ ከስማቸው ቀጥሎ ዲ.ኦ. የሚል ማዕረግ የሚጽፉት ሙሉ ሐኪሞች ናቸው፤ በ50ዎቹም ግዛቶች ኤም.ዲ. የሚል ማዕረግ እንዳላቸው እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች መድኃኒት ያዝዛሉ፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ፣ በማንኛውም የሕክምና ዘርፍም ይሠራሉ። ስለዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው እህትዎ ወይም ወንድምዎ የቤተሰብ ሐኪሙ ዲ.ኦ. ቢሆን ያነሰ ሐኪም ደረሰኝ ብሎ ሊያስብ አይገባም፤ ብዙዎቹም በዕለት ሥራቸው በእጅ ማከምን እምብዛም አይጠቀሙበትም። በብሪታንያ ያለው ኦስቲዮፓት ግን ከዚህ ይለያል። አራት ወይም አምስት ዓመት የሚፈጅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተምሮ፣ የጡንቻ፣ የመገጣጠሚያና የአከርካሪ ችግሮችን በመመርመርና በእጅ በማከም የሚሠራ የጤና ባለሙያ ነው እንጂ የሕክምና ዶክተር አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም፣ ቀዶ ሕክምናም አያደርግም። የኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) እንግሊዝ አስተዳደር በ2017 ኦስቲዮፓቶችን እንደ ፊዚዮቴራፒስቶች ካሉ ባለሙያዎች ጎን መድቧቸዋል። በጀርመን ደግሞ ራሱን የቻለ፣ በመንግሥት የተደነገገ ሙያ ስላልሆነ ፈቃዱን የሚያጣሩበት መንገድ ሌላ ነው። በስም መመሳሰል የተነሳ ከኦርቶፔዲክ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጋር የሚያምታቱት ሰዎችም ስላሉ፣ ሪፈራል ሲጻፍልዎ ወረቀቱ ላይ የትኛው እንዳለ በጥንቃቄ ያንብቡ።

3. ምን ሊረዳዎት እንደሚችል፣ ምን ሊረዳዎት እንደማይችል ይለዩ

የብሪታንያ መንግሥት ለሐኪሞች የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም፣ በ2016 ስለ ወገብ ሕመምና ወደ እግር ስለሚወርደው የነርቭ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ በእጅ የሚሰጥ ሕክምናን እንደ አንድ አማራጭ አስቀምጦታል፤ ነገር ግን ከአካል እንቅስቃሴ ልምምድ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ብቻ ነው ያለው። ይህ ቅድመ ሁኔታ ትልቅ ትርጉም አለው። ታካሚው አልጋ ላይ ተኝቶ የሚደረግለት ነገር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቤቱ ሄዶ የሚሠራው ልምምድ የሕክምናው እኩሌታ መሆኑን ያመለክታል። የአንገትና የትከሻ ሕመም ላይ ያለው ማስረጃ ከወገቡ ያነሰ ነው። ለአስም፣ ለወር አበባ ሕመም፣ ለሕፃናት የሆድ ቁርጠትና ለመሳሰሉት ግን አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ እነዚህን እፈውሳለሁ ብሎ የሚያስተዋውቅ ክሊኒክ ካጋጠመዎት ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

4. መዝገቡን ያጣሩ

ይህ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ቢሆንም የሚታለፍ አይደለም። በብሪታንያ በ1993 በወጣው የኦስቲዮፓቶች ሕግ መሠረት፣ በጄኔራል ኦስቲዮፓቲክ ካውንስል መዝገብ ውስጥ ያልተመዘገበ ሰው ራሱን ኦስቲዮፓት ብሎ ቢጠራ ወንጀል ነው። በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ የባለሙያውን ስም ወይም የአካባቢዎን ፖስታ ኮድ ጽፈው መፈለግ ይችላሉ። የተመዘገበ ባለሙያ ምዝገባውን በየዓመቱ ማደስ፣ የሙያ ኢንሹራንስ መግባትና ትምህርቱን በየጊዜው ማሻሻል ግዴታው ነው። በሙስሊሙም ሆነ በክርስቲያኑ ማኅበረሰባችን መካከል በቤታቸው ሰው የሚያሹ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች መኖራቸው ይታወቃል፤ አንዳንዶቹም እጃቸው የተባረከ ነው ይባልላቸዋል። ሆኖም አንድ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቅ አካልም፣ የሚካስ ኢንሹራንስም ስለሌለ፣ ከኦስቲዮፓት ጋር አንድ አድርገው አይቁጠሯቸው።

5. ቀጠሮ ሲይዙ የሚጠይቁት

ኦስቲዮፓት ዘንድ ለመሄድ የጂፒ ወረቀት አያስፈልግም። ኤንኤችኤስ ይህን አገልግሎት በጥቂት አካባቢዎች ብቻ ስለሚሰጥ አብዛኛው ታካሚ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ሲደውሉ የመጀመሪያው ቀጠሮ ስንት እንደሆነ፣ የሚቀጥሉት ስንት እንደሆኑ፣ ቀጠሮ ለመሰረዝ ስንት ሰዓት አስቀድሞ መንገር እንደሚያስፈልግና ቢቀሩ ምን እንደሚያስከፍሉ ይጠይቁ። በሥራ ቦታዎ በኩል የግል የጤና ኢንሹራንስ ካለዎት፣ ከቀጠሮው በፊት ለኢንሹራንሱ ደውለው የፈቃድ ቁጥር ያውጡ፤ ብዙዎቹ ከሕክምናው በኋላ የመጣ ደረሰኝ አይቀበሉም። የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ከሥራ ፈቃድ ሲወስዱ ይህን ያስቡበት።

ሴት ባለሙያ ከፈለጉ አሁኑኑ ይናገሩ፤ ይህ የተለመደ ጥያቄ ስለሆነ ማብራሪያ መስጠት አይጠበቅብዎትም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎት ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚ ያቀርቡ እንደሆነ ይጠይቁ። በኤንኤችኤስ አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል፤ የግል ክሊኒክ ግን ላያቀርብ ይችላል። እንዲህ ከሆነ አዋቂ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይዘው ይሂዱ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ በቤታችን የተለመደ ቢሆንም እዚህ ቦታ አይሆንም፤ ስለ ሽንት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ወር አበባ ወይም ስለ ጭንቀት የሚጠየቅ ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ ወላጅ ከልጁ ፊት እውነቱን ለመናገር ይቸገራል፤ ልጁም መሸከም የማይገባውን ይሸከማል።

6. የሕመምዎን ታሪክ በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚሠሩ ቢሆን፣ ይህንን ይሥሩ። አንድ ወረቀት ወስደው ሕመሙ መቼና እንዴት እንደጀመረ፣ በቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚነሳና ምን እንደሚያሻሽለው፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎት እንደሆነ ይጻፉ። ሕመሙን የኩላሊት ነው፣ የብርድ ነው፣ የነርቭ ነው ብሎ በስም ከመጥራት ይልቅ፣ ያለበትን ቦታ በጣትዎ የሚያሳዩበትን መንገድ ያስቡ፤ ኩላሊቴን ያመኛል ያለ ሰው ንግግሩ እንዳለ ከተተረጎመ ያለ አስፈላጊነቱ ወደ ሽንት ምርመራ ሊላክ ይችላልና። ሕመሙ የሚወጋ፣ የሚያቃጥል፣ የሚደነዝዝ፣ የሚወር ወይም የሚጎትት መሆኑ፣ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነም እስከ ጭን፣ እስከ ባት ወይም እስከ አውራ ጣት መድረሱ ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል፤ ከወገብ የሚነሱት ነርቮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የእግር ክፍል ስላላቸው፣ የሚደነዝዘውን ቦታ በማየት የትኛው ነርቭ እንደተነካ ሊገምት ይችላል።

ከዚያ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ወይም ማሸጊያቸውን በፌስታል ይዘው ይሂዱ። በተለይ እንደ ዋርፋሪን፣ አፒክሳባንና ሪቫሮክሳባን ያሉ ደም ማቅጠኛዎችና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ የሚደረግልዎትን ሕክምና ይለውጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ለደም መፍሰስ፣ ሁለተኛው ለአጥንት መሳሳት ያጋልጣሉና። ለቀጠሮው ብለው ግን ደም ማቅጠኛዎን በራስዎ ውሳኔ ፈጽሞ አያቋርጡ፤ መንገር ብቻ ይበቃል። የአጥንት መሳሳት፣ ካንሰር፣ የደም አለመርጋት ችግር፣ ሪህ ወይም ሌላ መገጣጠሚያን የሚያስቆጣ በሽታ፣ ቀድሞ የተሰበረ አጥንት ወይም ቀዶ ሕክምና ካለዎት ይጻፉ። እርጉዝ ከሆኑ፣ ገና ያላረጋገጡት ጥርጣሬ ቢሆንም እንኳ ይናገሩ።

ወጌሻ ዘንድ ታሽተው ከነበረ ይህንንም አይደብቁ። ወጌሻ በአገራችን ለዘመናት የተሰበረን ሲጠግን፣ የወለቀን ሲመልስ የኖረ ባለሙያ ነው፤ ስቲል ራሱም በጎዳና ሲዘዋወር ራሱን አጥንት ጠጋኝ እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ችግሩ የሚመጣው የተሰበረ አጥንት እንደወለቀ ተቆጥሮ በኃይል ከታሸ፣ ወይም ማሰሪያው በጣም ጠብቆ ደም ከከለከለ ነው። ስለዚህ በክረምት አገር ቤት ሄደው ወድቀው ቁርጭምጭሚትዎ ታሽቶ ከነበረ፣ መቼ፣ የት ቦታና በምን ዓይነት ኃይል እንደታሸ፣ ከዚያ በኋላ እብጠቱና ሕመሙ ምን እንደሆነ ይንገሩ። ዋግምት ተደርጎልዎ በጀርባዎ ላይ ምልክት ካለም አስቀድመው ያስረዱ፤ ያልተነገረው ባለሙያ ምልክቱን በሌላ ነገር ሊተረጉመው ይችላል።

ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ቦታ ኤምአርአይ ይዘው መጥተው ከሆነ፣ ሲዲውንም ሆነ የተጻፈውን የራዲዮሎጂ ውጤት ይዘው ይሂዱ። ከእነዚህ ወረቀቶች ላይ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) መንሸራተት የሚለውን አንብበው ለዓመታት አጎንብሰው ዕቃ ማንሳት የተዉ፣ ልጆቻቸውን ማቀፍ የፈሩ ሰዎች አሉ፤ ይህ ፍርሃት ልብ ይነካል። ምንም ሕመም የማይሰማቸው በርካታ ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሱ ዲስካቸው ላይ ተመሳሳይ ለውጥ እንደሚታይ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ምስሉ ብቻውን ሕመሙን አያብራራም፤ ናይስም ለተለመደው የወገብ ሕመም ምስል በየጊዜው እንዳይታዘዝ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ኦስቲዮፓቱ ራጅ ሳያይ ቢመረምርዎት እንደ ቸልተኝነት አይቁጠሩት።

በመጨረሻም የዕለት ሥራዎንና ልማድዎን ያክሉበት። ቢሮ የሚያጸዱ፣ አዛውንት የሚንከባከቡ፣ ታክሲ የሚያሽከረክሩ ወይም መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሱ ከሆነ፣ የሥራውን እንቅስቃሴ በዝርዝር ይግለጹ። ልጅ በጀርባ ማዘልንም፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላትንም፣ በዓቢይ ጾም የሚሰግዱትን ስግደት ወይም የዕለት ሶላትዎንም ይንገሩ። እንግሊዛዊው ባለሙያ እነዚህን ከራሱ አያውቃቸውም፤ ካወቀ ግን ስግደቱን ሳያስተዉ ጉልበትንና ዳሌን እያጠፉ እንዴት እንደሚወርዱ ሊያሳይዎት ይችላል።

7. አለባበስና ምግብ

ለምርመራ አንዳንድ ልብሶችን እንዲያወልቁ፣ አንዳንድ ጊዜም በውስጥ ልብስ እንዲቀሩ ሊጠየቁ ይችላሉ። ይህ ካልተመቸዎት ቁምጣና ሰፋ ያለ ካናቴራ ይዘው ይሂዱ፤ ፎጣ ወይም ጋውን እንዲሰጥዎት መጠየቅ፣ ልብስዎን ሲለውጡ ባለሙያው እንዲወጣ መጠየቅና አብሮዎት ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲቆይ ማድረግም መብትዎ ነው። በአንገትዎ ላይ ማተብ ካለ፣ አንገት ሲመረመር ወደ ጎን ብቻ እንዲያደርገው ይንገሩት፤ እንዲያወልቁት የሚያስገድድ ምክንያት የለም። ሂጃብ የሚለብሱም ቢሆን ከመጀመሪያው ቢናገሩ ምርመራው በሚመችዎት መንገድ ይደራጃል። በጾም ወቅት ምግብ የሚበሉት ከሰዓት በኋላ ወይም ከመግሪብ በኋላ ከሆነ፣ ባዶ ሆድዎን ረጅም ጊዜ ተኝተው በድንገት ሲነሱ ሊያዞርዎት ስለሚችል፣ ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ ቢያደርጉት ይመረጣል።

8. በክሊኒኩ ውስጥ የሚሆነው

ሲገቡ ቅጽ ይሞላሉ፤ ከዚያ ባለሙያው ታሪክዎን ይጠይቃል። ቀጥሎ ቆመው ሳሉ ከኋላዎ ሆኖ ትከሻዎና ዳሌዎ እኩል መሆናቸውን ይመለከታል፤ ወደፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንዲጎነበሱ ይጠይቅዎታል፤ በጣቶቹም አከርካሪዎን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እየዳሰሰ ይወርዳል። በጀርባዎ አስተኝቶ ጉልበትዎን ሳያጥፉ እግርዎን ቀስ ብሎ ያነሳል፤ ይህ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ መቆጣት አለመቆጣቱን የሚያሳይ ነው። በትንሽ መዶሻ ጉልበትዎን መታ መታ ያደርጋል፤ የእግርዎን አውራ ጣት ወደ ላይ እንዲያነሱና እርሱ ሲጫን እንዲቋቋሙት ይጠይቃል። የትኛው እንቅስቃሴ እንዳመመዎት ወዲያው ይናገሩ። ሕመምን ዋጥ አድርጎ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ጨዋነት ይታያል፤ እዚህ ግን ምርመራውን ያሳስተዋል።

ከምርመራው በኋላ ችግሩ ምን እንደሚመስለው፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅና ምን አደጋ እንዳለው ሊነግርዎት ይገባል። ሕክምናው ጡንቻን ማሸት፣ መገጣጠሚያን በዝግታ ማንቀሳቀስ፣ መሳሳብ፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጣንና አጭር ግፊት ሊሆን ይችላል። ፈጣኑ ግፊት ሲደረግ ብዙውን ጊዜ በጎንዎ ተኝተው፣ የላይኛው እግርዎ ታጥፎ፣ ክንዶችዎ ደረትዎ ላይ ተሻግረው፣ ትንፋሽ እንዲያስገቡና እንዲያወጡ ይነገርዎታል፤ ትንፋሹ ሲወጣ ግፊቱ ይመጣል፤ ቋ የሚል ድምፅም ይሰማል። ድምፁ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የአየር አረፋ የሚመጣ እንጂ የወለቀ አጥንት ቦታው የመግባቱ ምልክት አይደለም። ድምፅ አልተሰማም ብለው ሕክምናው አልሠራም አይበሉ፤ ድምፁ እንዲደገም ብለውም አይጎትጉቱ።

9. አልፈልግም ማለት

ያለ ፈቃድዎ የሚደረግ ምንም ነገር የለም፤ የሰጡትንም ፈቃድ በማንኛውም ሰዓት ማንሳት ይችላሉ። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሰጠው ውሳኔ ሐኪም ለታካሚው ውሳኔ ትርጉም ያለውን አደጋ ሁሉ የመንገር ግዴታ እንዳለበት አጽንቷል፤ የኦስቲዮፓቶች የሥነ ምግባር ደንብም ፈቃድን ግዴታ ያደርጋል። ነጭ ካፖርት የለበሰን ሰው መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት አስተዳደግ ያደግን ስለሆንን ይህ ይከብደን ይሆናል። ሆኖም እዚህ ጥያቄ የማይጠይቅ ታካሚ እንደተስማማ ይወሰዳል።

በተለይ አንገትን በፍጥነት ማዞርን በተመለከተ ጥንቃቄ ያድርጉ። አልፎ አልፎ፣ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ፣ በአንገት ውስጥ የሚያልፈው የደም ቧንቧ ግድግዳ ተሰንጥቆ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ቀደም ብሎ የማዞር፣ ነገሮች ሁለት ሆነው የመታየት፣ የመናገር ወይም የመዋጥ ችግር፣ ከዚህ ቀደም አሞዎት የማያውቅ ዓይነት ከባድ የአንገትና የራስ ሕመም ካለዎት፣ አንገትዎ እንዲዞር አይፍቀዱ። በእኔ እምነት በመጀመሪያ ቀጠሮ አንገትን በፍጥነት ማዞር የግድ የሚሆንበት ምክንያት እምብዛም የለም፤ ሌላ ለስላሳ ዘዴ ካለ እሱ ይሁንልኝ ማለት በቂ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም ይህን ሲሰማ ዘዴውን ይለውጣል እንጂ አይቀየምም።

10. ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

ከሕክምናው በኋላ በታሸው ቦታ ላይ መጠነኛ ሕመም፣ ድካም ወይም ራስ ምታት ሊሰማዎት ይችላል፤ በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ካዞረዎት መኪና አይንዱ። ከሕክምናው በኋላ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ወይም በመጀመሪያው ክፍል የተጠቀሱት የሽንትና የመደንዘዝ ምልክቶች ከመጡ ነገ ይሻለኛል ሳይሉ 999 ይደውሉ።

የተሰጥዎትን ልምምድ አብሮዎት ያለ ሰው በስልክዎ እንዲቀርጽልዎት ባለሙያውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ በወረቀት ከተሰጠው ሥዕል ይልቅ በራስዎ አካል የተሠራውን ማየት ይቀላል። ሥራዎ ቢፈቅድልዎ ከመተኛት ይልቅ መራመድን ያዘውትሩ፤ ለተለመደው የወገብ ሕመም አልጋ ላይ መዋል እንደማይረዳ ዛሬ ሐኪሞች ይስማሙበታል።

11. ለውጥ ካልመጣ

ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሲወጡ፣ በስንተኛው ቀጠሮ ምን ዓይነት ለውጥ እንደሚጠበቅ ጠይቀው ይወቁ፤ ለምሳሌ እስከዚያ ድረስ ጎንበስ ብለው ጫማዎን ማሰር ይችሉ እንደሆነ። በዚያ ጊዜ ለውጡ ካልታየ ሕክምናውን እንዳለ መቀጠል ትርጉም የለውም፤ ባለሙያው ዘዴውን ሊለውጥ፣ ወይም ለጂፒዎ ደብዳቤ ጽፎ ሊልክዎት ይገባል። የብዙ ቀጠሮ ክፍያ በቅድሚያ ከከፈሉ ቅናሽ አለ የሚል ሐሳብ ከቀረበልዎት፣ ሕመሙ የሚፈልገውን የቀጠሮ ብዛት ገና ማንም ስለማያውቀው አይቀበሉት፤ በየቀጠሮው ይክፈሉ።

ስለ እርስዎ የተጻፈውን መዝገብ ቅጂ በብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት መጠየቅ ይችላሉ፤ በአብዛኛው በነጻ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሊሰጥዎት ይገባል። ወደ ሌላ ባለሙያ ሲሄዱ ወይም አገር ሲቀይሩ ይህ ቅጂ ብዙ ድካም ይቀንስልዎታል። ቅሬታ ካለዎት በመጀመሪያ ለክሊኒኩ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ጉዳዩ የባለሙያውን ሥነ ምግባር ወይም የታካሚን ደኅንነት የሚነካ ከሆነ ግን በቀጥታ ለጄኔራል ኦስቲዮፓቲክ ካውንስል ማመልከት ይችላሉ፤ ማመልከቻው ላይ ቀኑን፣ የተደረገልዎትን ሕክምናና ከዚያ በኋላ የተሰማዎትን በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ የቀጠሮ መልእክቶችንና ደረሰኞችንም አያይዙ።